የሰዓዳን ጥልፍ ወደ ራሳችን ድረ ገጽ ያዛወርን ጊዜ

እትዬ ዘሐራ ጥልፍ ቤት ሥራ የገባሁት ሰኞ ጠዋት ነው። ዕድሜዬ ዐሥራ ዘጠኝ ነበር፤ ከመሸንቲ የመጣሁ፣ የተቀደደ ከመጣፍ በቀር ሙያ የሌለኝ። እትዬ ዘሐራ ባሕር ዳር ላይ ስማቸው የተጠራ ጠላፊ ናቸው፤ ወላጆቻቸው የወረታ ነጋዴዎች ነበሩ። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና አንዲት ትንሽ መቀስ ሰጡኝ። «ክር ቆራጭ ነሽ» አሉ።

ክር ቆራጭ የቤቱ የመጨረሻ ማዕረግ ነው። ከጥልፍ መኪና የወጣውን ቀሚስ ገልብጦ የተንጠለጠለውን ክር ሁሉ ከሥሩ መቁረጥ ነው ሥራው። ከሰዓት በኋላ አንዱን ቀሚስ አንሥተው መረመሩት። «ትርንጎ፣ ዶሮ እየነጨሽ ነው እንዴ?» አሉኝ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔ ጓሮ ወጥቼ አለቀስሁ፤ ስመለስ ሌላ ቀሚስ ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ።

ከክር ቆራጭ በላይ ገልባጭ አለ። ገልባጭ ንድፉን ከወረቀት ወደ ጨርቅ የሚያሳልፈው ነው። ስሱ ወረቀት መስመር መስመሩን ተከትሎ በመርፌ ይበሳል፤ ጨርቁ ላይ ይነጠፋል፤ ነጭ ጋዝ በነካው እራፊ የጠመኔ ዱቄት ይታሽበታል። ወረቀቱ ሲነሣ ነጠብጣቡ ጨርቁ ላይ ይቀራል። ከገልባጭ በላይ ጠላፊ፣ ከጠላፊ በላይ ነዳፊ። ነዳፊ አንድ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸው።

በዚያ ቤት ንድፍ ቁጥር አልነበረውም። መጀመሪያ በተሠራላት ሴት ስም ይጠራል። «የዘይነብን አምጪ» ይባላል፤ «የወይንሸት አንገቷ ትንሽ ይስፋ» ይባላል። ለአንዷ ሙሽራ የተነደፈውን ሌላዋ ስትፈልገው ስሙን ይዛ ትመጣለች እንጂ አይቀየርላትም።

ሰዓዳ የእትዬ ዘሐራ አንድያ ልጅ ናት። አባቷ በልጅነቷ ሞቶባት ያደገችው በመኪናዎቹ መካከል ነው። ለአንድ የወረታ ሩዝ ነጋዴ ስትታጭ እናቷ ለሠርጓ ቀሚስ ወር ሙሉ ሲነድፉላት ከረሙ። ንድፉ አልቆ ገና ጨርቅ ሳይነካ ልጂቱ አላገባም አለች። እትዬ ዘሐራ ቃል ሰጥቻለሁ አሉ። ሁለቱም ግትር ናቸው። አንድ ዓርብ እናቷ ከመስጊድ ሲመለሱ ሰዓዳ የለችም፤ ዐረብ አገር መሄዷን የሰማነው ከሳምንት በኋላ ነው።

የመጀመሪያውን ዓመት ትደውል ነበር። የምትደውለው በጥልፍ ቤቱ ስልክ ነው፤ የማነሣው እኔ ነኝ። እትዬ ዘሐራ ከመኪናቸው ቀና ሳይሉ እጃቸውን ያወዛውዛሉ። «የሉም» እላታለሁ። የመኪናው ድምፅ እየተሰማት «እሺ፣ ደኅና ሁኝ» ትለኛለች። ከዚያ መደወል ተወች፤ ቁጥሯም ተቀየረ።

በዚያው ሰሞን ቤቱ የኮምፒውተር ጥልፍ መኪና ገዛ፤ ፋይል መሥራቱን የተማርሁት እኔ ነኝ። ፋይሉ መርፌው የት እንደሚወርድ፣ ክር የት እንደሚቀየር ለመኪናው የሚነግር ነው። የቤቱን ንድፎች አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተር አስገባሁ። የሰዓዳን ወረቀት ከሳጥን ሥር ሳወጣ እትዬ ዘሐራ «እሷንም?» አሉ። የወረቀቱን እጥፋት በመዳፋቸው አቃንተው «እንግዲህ አስገቢያት» አሉኝ።

ፋይሎቹን በአንድ የውጭ የኢንተርኔት ገበያ መሸጥ ጀመርን። ገበያው ከእኛ አገር ሻጭ ስለማይቀበል ሱቁ የተከፈተው በአክስቴ ልጅ በዳኛቸው ስም፣ እሱ በሚኖርበት አገር ነው። የሚገዙን በያገሩ ያሉ የሐበሻ ልብስ ሰፊዎች ናቸው። አንዴ ከፍለው ያወርዱታል፤ ከዚያ መቶ ቀሚስ ቢጠልፉበት መብታቸው ነው። አንድን ፋይል ሁለት ጊዜ የሚገዛ ሰው የለም።

አንዲት ገዢ ግን ገዛች። በዒድ አልፈጥር ዋዜማ «የሰዓዳ»ን ወስዳለች፤ በዓረፋ ዋዜማ ያንኑ ደግማ ገዛችው። ስሟ ትርጉም የሌለው የፊደልና የቁጥር ድብልቅ ነው። በየዋህነት ገንዘቧን የምትጥል መስሎኝ ጻፍሁላት፤ «ይህን አስቀድመው ገዝተዋል፣ ደግመው መክፈል አያስፈልግዎትም» አልኋት። በእንግሊዝኛ ፊደል በተጻፈ አማርኛ መለሰችልኝ። «አውቃለሁ። ሦስተኛዋ አበባ ጎድላለች።»

ነገሩ ገርሞኝ ለእትዬ ዘሐራ ነገርኋቸው። በሰዓዳ ንድፍ ደረት ላይ ከሁለቱ አበቦች በታች በእርሳስ የተጫረች አንዲት ጎባጣ አበባ ነበረች፤ እጅ ያመለጠው መስሎኝ ፋይሉ ውስጥ ሳላስገባት ቀርቻለሁ። እትዬ ዘሐራ በቁማቸው ነበሩ፤ ተቀመጡ።

«እሷን አበባ የሳለቻት ራሷ ሰዓዳ ናት» አሉ። «እኔ ሥራ ስፈታ እርሳሱን ነጥቃ። ከእኔና ከእሷ በቀር ማንም አያውቅ።»

«እትዬ፣ እንግዲያ ልጻፍላት። እናትሽ እዚህ ናቸው ልበላት።»

«አይሆንም!» አሉ። «የበደለችኝ እሷ፣ የምለምን እኔ? ሽማግሌ ትላክ፤ ያኔ እታረቃለሁ።»

«በኮምፒውተር ሽማግሌ ከየት ይመጣላታል?»

«አላውቅም። አበባዋን መልሺላት።»

መለስሁላት። ፋይል ሲታረም ገበያው ለገዙት ሁሉ ራሱ ያስታውቃል፤ ስለዚህ ሰዓዳ አውቃለች። በሚቀጥለው ዒድ ዋዜማ እንደገና ገዛች። እትዬ ዘሐራ እርሳስ አነሡና እጅጌው ላይ አንዲት ቅጠል ጨመሩ፤ እኔ ፋይሉን አረምሁ። ለዓረፋ ገዛች፤ ሌላ ቅጠል ተጨመረ። ቃል ሳይለዋወጡ ሦስት ዓመት እንዲህ ቆዩ። በየዋዜማው እትዬ ዘሐራ ከጎኔ ተቀምጠው ስክሪኑን ይጠብቃሉ፤ ግዢው ሲመጣ «አልሐምዱሊላህ፣ አለች» ብለው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ለእሳቸው በዓሉ ያ ነበር።

ከዚያ ዳኛቸው ደወለ። ወደ ሌላ አገር ሊዛወር ነው፤ በስሙ የተከፈተውን ሁሉ መዝጋት አለበት። «ስድስት ሳምንት አለሽ» አለኝ። የራሳችንን ድረ ገጽ ለመክፈት ቆርጠን ተነሣን። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። የሰው ደጅ ላይ መነገድ ሰልችቶኛል፤ የራሳችን ስም፣ የራሳችን ቀለም ይኖረናል አልሁ።

አቤል የሚባል ባለሙያ ድረ ገጹን ሠራልን። ሥራውን ያውቃል። «‹የሰዓዳ› ብሎ ጎግል ላይ የሚፈልግ የለም» አለኝ። «‹የደረት ጥልፍ ቁጥር ዐሥራ አራት› ይባል፤ ሰው የሚያገኘው እንዲህ ነው።» ልክ መሰለኝ። የሴቶቹን ስም ሁሉ አንሥቼ በቁጥር ተካሁት። ይህን ለእትዬ ዘሐራ አልነገርኋቸውም።

ፋይሎቹን አወረድሁ፤ ፎቶዎቹን፣ የክር ቀለም ዝርዝሩን ገለበጥሁ። ሊዛወር ያልቻለው ገዢው ነው። ገበያው የገዢን አድራሻ ለሻጭ አይሰጥም። መንገዱ አንድ ብቻ ነው፤ በገበያው የመልእክት ሣጥን ለእያንዳንዱ መጻፍ። እሱም በሕጋቸው ክልክል ነው፤ ገዢ ወደ ውጭ ሲጠራ ያገኙትን ሱቅ ወዲያው ይዘጋሉ። ስለዚህ በመጨረሻው ቀን ለሁሉም ልጽፍ ወሰንሁ። ያኔ ቢዘጉትም አይጎዳኝም ብዬ።

ለእትዬ ዘሐራ መዛወራችንን ስነግራቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ ሌላ አይደለም። «ያችስ?»

«እጽፍላታለሁ፣ እትዬ። አዲሱን አድራሻ እሰጣታለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት ገና መኪና ሳይነሣ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። ሌሊቱን እንዳልተኙ ፊታቸው ይናገራል።

«ስትጽፊላት ይህን ጨምሪበት» አሉ። «እናትሽ ትጠብቅሻለች በያት። እኔው ቀደምሁ በያት። ሽማግሌም ይቅር። የስልኬን ቁጥር ስጫት፤ የማነሣው እኔው ነኝ በያት።»

«እሺ፣ እትዬ።»

«ዛሬ ጻፊ።»

ሕጉን ነገርኋቸው። አሁን ብጽፍና ቢያውቁብን ሱቁ ያለጊዜው ይዘጋል፣ ያልገለበጥኋቸው ፋይሎች አሉ አልኋቸው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ፣ እትዬ» ብዬም ቀለድሁ። ጥቂት አዩኝ። «አንቺ ታውቂያለሽ» አሉ። ቃላቸውን በወረቀት ጻፍሁና ከኪቦርዱ ሥር አኖርሁት። የመጨረሻው ቀን ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

እነዚያን ሦስት ሳምንታት ምን እንደሠራሁባቸው ልንገራችሁ። የድረ ገጹን ቀለም ሦስት ጊዜ አስቀየርሁ። የጣና ፎቶ ከላይ ይግባ፣ አይግባ ብዬ ከአቤል ጋር ተከራከርሁ። የሁሉንም ቀሚስ ፎቶ እንደገና አነሣሁ። ፋይሉ በሙሉ ተገልብጦ ሲያልቅ ገና ስምንት ቀን ነበረኝ፤ ለዳኛቸውም ሥራውን ጨርሻለሁ ብዬ ነገርሁት። መልእክቱን ግን ለመጨረሻው ቀን ቀጥሬው ስለነበር በቀጠሮዬ ጸናሁ።

ቀኑ አራት ቀን ሲቀረው ስልኩም ኢንተርኔቱም አብሮ ጠፋ። የከተማው ሰው ሁሉ የየራሱ ጭንቀት ነበረበት። እኔ በየቀኑ ኮምፒውተሩን እከፍታለሁ፤ እዘጋለሁ። ስልክ እንደተመለሰ መጀመሪያ የደወልሁት ለዳኛቸው ነው።

«በተነጋገርነው ቀን ዘጋሁት» አለኝ። «ጨርሻለሁ ብለሽኝ የለ?»

አዎ፣ ብየው ነበር። ለገበያው ሠራተኞች በዳኛቸው በኩል ጻፍን፤ አንዲት ገዢ ብቻ፣ አንድ መልእክት ብቻ አድርሱልን አልን። የተዘጋ ሱቅ እንደማይከፈት፣ የገዢ መረጃም ለማንም እንደማይሰጥ መለሱልን። ኔትወርኩን መውቀስ ይቀለኝ ነበር። ግን ኔትወርኩ ከመጥፋቱ በፊት ጊዜ ነበረኝ።

ለእትዬ ዘሐራ መናገሩን ሦስት ቀን ፈራሁት። እሳቸው ፋይሉ ተገልብጦ እንዳለቀ መልእክቱ የሄደ መስሏቸዋል። ስልካቸውን እንደ ክታብ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ነበር የከረሙት። በአራተኛው ቀን ወደ ወንበሬ መጡ።

«ኔትወርክ ተመለሰ አሉ። ምን አለች?»

«አልላክሁትም፣ እትዬ። ሳልልከው ሱቁ ተዘጋ።»

ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ፤ ጫማቸውን ተጫምተው ወጡ። ሁለት ቀን ሥራ አልመጡም። በጥልፍ ቤቱ ታሪክ እንዲህ ያለ ቀን አላውቅም፤ ባላቸው የሞቱ ጊዜ እንኳ በአራተኛው ቀን መኪና ላይ ነበሩ ይባላል።

ቁጥር ዐሥራ አራትን አነሣሁና «የሰዓዳ» ብዬ መልሼ ጻፍሁ። የሌሎቹንም ሴቶች ስም መለስሁ። ከፎቶው በታች እናቷ ያሉትን ቃል በቃል፣ ከነስልክ ቁጥሩ አሰፈርሁት። አቤል የሰው ቁጥር እንዲህ ለሁሉም አይወጣም አለኝ፤ ይውጣ አልሁት። ሦስት ሰው ደወለላቸው፤ ሁለቱ ስለ ዋጋ፣ አንዱ ተሳስቶ።

ዓረፋ ደረሰ። በዋዜማው እትዬ ዘሐራ እንደ ወትሮው ከጎኔ ተቀመጡ። ድረ ገጹ ያምር ነበር። ከሐይቁ ፎቶ በታች ጥልፉ ወለል ብሎ ይታያል፤ ሁሉም ነገር የራሳችን ነው። ከቀትር በፊት የመጡ ግዢዎች ሁለት ናቸው፤ የዘይነብና የወይንሸት። እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ጠበቅን። ሠራተኞቹ ለበዓሉ ተሰናብተው ሄዱ።

እኔ እንባዬ መጣ። «እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኋቸው። «እኔ ነኝ ያዘገየሁት።»

ዐይናቸውን ከስክሪኑ አልነቀሉም። «አንቺ ሦስት ሳምንት ነው ያዘገየሽው፣ ልጄ» አሉ። «እኔ አምስት ዓመት።»

ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓረፋ አልፏል። በዋዜማው አሁንም ይመጣሉ፤ ወንበሩን የማመጣላቸው እኔ ነኝ። ሰዓዳ የት እንዳለች አናውቅም። ቅጠል መጨመሩን ትተውታል።

ከኢንተርኔት ገበያ ወጥታችሁ የራሳችሁን ድረ ገጽ ልትከፍቱ የምታስቡ የሙያ ልጆች እየመጣችሁ ትጠይቁኛላችሁ። የምላችሁ አንድ ነው። ገበያው ውስጥ ያሉት ገዢዎች የእናንተ አይደሉም፤ ሱቁ ሲዘጋ እዚያው ይቀራሉ። ፋይሉና ፎቶው ይቆያችሁ። በመጀመሪያው ቀን ለሰዎቹ ጻፉ፤ ከመካከላቸው የምታሳስባችሁ አንዲት ካለች ከእሷ ጀምሩ።