ክኒኔን አልደብቅም

ጅጅጋ ነው የተወለድኩት፤ ወላጆቼ ከመሀል አገር ለንግድ መጥተው እዚያው ቀሩ። ሶማሊኛውን ከጎረቤት ልጆች፣ አማርኛውን ከቤት ለመድኩ። ከለውጡ ማግስት ደግሞ ፍርድ ቤት በአስተርጓሚነት ተቀጠርኩ።

ቋንቋው አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ ሐሳቤ ነው። አንድ ቀን ከሐርተሼክ የመጡ ሽማግሌ ስለተወሰደባቸው ግመል ሲመሰክሩ፣ እኔ ውጭ ክላክሱን የሚያስጮህ ባጃጅ ተከትዬ በሐሳብ ሄድኩ። ስመለስ ችሎቱ ጸጥ ብሏል። ዳኛውም ሽማግሌውም እኔን ያያሉ። "ይቅርታ፣ ይድገሙልኝ" አልኩ። ደገሙልኝ፤ ፊታቸው ላይ ግን ውሸታም የተባለ ሰው ቅሬታ ነበር።

ባልደረቦቼ መፍትሔው ቡና ነው አሉኝ። ጠዋት ጥቁር ቡና፣ ረፋድ ላይ ሌላ፣ ከሰዓት ወፈር ያለ ሻይ ጠጣሁ። ልቤ ደለቀ፤ ሐሳቤ ግን መሄዱን አልተወም፣ እንዲያውም ፈጠነ። "ጫት ሞክሪ" ያሉኝም አልጠፉም።

በመጨረሻ አዲስ አበባ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሟ ከልጅነቴ ጀምራ ብዙ ጠየቀችኝ፤ ተመላልሼም ተመረመርኩ። ከዚያ ከልጅነቴ የነበረ የትኩረት ችግር እንዳለብኝ ነግራኝ፣ በልዩ ማዘዣ ብቻ የሚሸጥ ክኒን ጻፈችልኝ። "ይህ ላንቺ ብቻ ነው፤ ግፊትሽንም እየተለካሽ ነው የምትወስጂው" አለችኝ። ክኒኑ ጎበዝ አላደረገኝም። የምስክሩን ቃል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማሁ፤ ሌላ ምንም አይደለም።

ቁርሴን ቢሮ ስለምበላ ክኒኑንም እዚያው በሰው ፊት እውጥ ነበር። ወሬው የክፍል ኃላፊያችን ጆሮ ደረሰ፤ ከምሳ በኋላ አስጠሩኝ። ጉንጫቸው ገና ጫት እንደያዘ ነው።

"አደንዛዥ ነገር ትወስጃለሽ ይሉኛል" አሉ።

"ሐኪም ያዘዘልኝ መድኃኒት ነው።"

"ሌላው ሰው ቡናውን ጠጥቶ ይሠራ የለ እንዴ?"

"ቡናውን ሞከርኩት፤ ለእኔ አልሆነኝም። እርስዎን ደግሞ ጉንጭዎ ውስጥ ስላለው ማንም ጠይቆዎት አያውቅም።"

ጫታቸውን ወደ ሌላኛው ጉንጫቸው አዞሩ። "እሺ፣ ቢያንስ ቤትሽ ዋጪው። ባለጉዳይ አይይብን።"

"ብደብቀው ነውር የሠራሁ ይመስላል። አልደብቀውም።"

በማግስቱ ከችሎት አንስተው ሰነድ ትርጉም ላይ መደቡኝ። አቤቱታ አስገባሁ። እናቴ "ለሰላም ብለሽ ብትደብቂው ምን አለበት?" አለችኝ፤ እሷንም እምቢ አልኳት። በአዲሱ ቢሮም ክኒኑን ጠረጴዛዬ ላይ፣ ከውኃው ጎን አኖርኩት።

ወደ ችሎት ያስመለሱኝ ዳኛው ናቸው። "በመጨረሻዎቹ ወራት አንድም ምስክር አላስደገመችም፤ እሷን መልሱልኝ" ብለው እንደጻፉ ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ኃላፊው ራሳቸው ቢሮዬ ገቡና በሩን ዘጉ። የማስተርስ ፈተና ደርሶባቸዋል።

"አባዮ" አሉኝ፤ በሶማሊኛ እህቴ ማለታቸው ነው። "ከዚያች ክኒን ትንሽ ብትሰጪኝ? ለፈተናው ብቻ ነው።"

"አልሰጥም።"

"ትጠቅማለች ብለሽ የለም እንዴ?"

"እኔን ጠቀመችኝ፤ ተመርምሬ ነው የታዘዘችልኝ። የእርስዎን ልብ ምን እንደምታደርገው አላውቅም። ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ ካልሆነም ቡናዎን ይጠጡ።"

ፊታቸው ቀላ፤ በሩን ከፍተው ወጡ። ፈተናውን አልፈዋል ሲባል ሰምቻለሁ፤ በምን እንዳጠኑ አልጠየቅኩም።

እስካሁን ሰላምታቸው ቀዝቃዛ ነው። መድኃኒቱ ጅጅጋ ስለማይገኝ ማዘዣ ለማሳደስ አዲስ አበባ እመላለሳለሁ፤ የፈቃድ ማመልከቻዬን ባስገባሁ ቁጥር "ቆዪ፣ እናያለን" ይሉኛል። እኔም ወንበር ስቤ እዚያው ፊት ለፊታቸው እቀመጣለሁ፤ ሳይፈርሙ አልነሳም።