ቀይዋ መኪና ዝቅ ትበል?

አያና ዋቅቶላ አምቦ ውስጥ መኪና መንዳት ያስተምራል። ከማያውቃቸው ሰዎች አጠገብ ተቀምጦ "ፍሬን፣ ፍሬን!" ሲል ይውላል። ሰዎቹ ትምህርቱን ሲጨርሱ መንጃ ፈቃዳቸውን ይዘው ይሄዳሉ፣ በቦታቸው ሌሎች ይመጣሉ። በከተማው ሲያልፍ ከሚኒባስና ከባጃጅ ውስጥ እጃቸውን አውጥተው "መምህር!" የሚሉት ብዙ ናቸው። ወርዶ ሻይ እንጠጣ የሚለው ግን የለም። እሱ ያስተማረው ሰው ሁሉ የሚሄድበት አለው።

የራሱ መኪና ቀይ፣ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ትንሽ የድሮ ሴሊካ ናት። የገዛት ከለንሳ ጋር በተጋቡ በዓመቱ ነው። ለንሳ መጀመሪያ ያየቻት ቀን ዙሪያዋን ዞረች፣ ጎንበስ ብላ የኋላውን ወንበር ተመለከተችና "እዚህ የሚቀመጠው ማነው? ዶሮ?" አለች። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ልጅ ሳይወልዱ ለንሳ ታማ ሞተች። ያ ወንበር ዛሬም አዲስ እንደመሰለ ነው።

ከለንሳ ዘመዶች የቀረችው እናቷ አዴ ጉዴ ብቻ ናት። ከጊንጪ በላይ፣ ጭልሞ ጫካ ጠርዝ ላይ ብቻዋን ትኖራለች። አያና እሁድ እሁድ እሷን ሊጠይቅ ይሄዳል። ይጠይቃል ማለት ግን ከባድ ነው። በዚያ አገር አማትና አማች እጅግ ይከባበራሉ፤ በአንድ ገበታ አይቀርቡም፣ ፊት ለፊት አይተያዩም፣ በስም አይጠራሩም። የሚባባሉት ነገር ካላቸው አንድ ሰው መሀል ገብቶ ያቀብላል። ስለዚህ አያና ሲደርስ ቤቱ ተጠርጎ፣ ምግቡ ቀርቦ፣ አዴ ጉዴ ወጥታ ነው የሚያገኘው። ጎረቤቷ ኦቦ ፉፋ አብሮት ይበላል፣ ከግድግዳው ወዲያና ወዲህም ቃል ያመላልሳል። ለንሳ በነበረች ጊዜ መሀል የምትሆነው እሷ ስለነበረች ይህ ሁሉ ጨዋታ ይመስል ነበር። አሁን አያና መብላት ከጀመረ እስኪጨርስ የሚሰማው የራሱን ጉንጭና የፉፋን ወሬ ነው።

እየቆየ አንድ ሐሳብ ያስቸግረው ጀመር። አንዲት አሮጊት እሱ በመጣ ቁጥር ከገዛ ቤቷ ትወጣለች። የመኪናውን ድምፅ ስትሰማ "ደግሞ መጣ" ሳትል ትቀራለች?

በዚህ መሀል ነው ፊራኦል የመኪናዋን ሞላ ነገር ያነሣው። ፊራኦል ከገበያው በታች ጋራዥ አለው፤ መንዳት ያስተማረው አያና ነው። እሱና ጓደኞቹ መኪኖቻቸውን በሙሉ አጭር ሞላ አስገጥመው፣ ሆዳቸው መሬት ሊስም እስኪደርስ ዝቅ አድርገዋቸዋል። ከጉደር እስከ ጊንጪ ሠርግ ካለ ሙሽራ የሚያጅቡት እነሱ ናቸው።

"ጋሽ አያና፣" አለው ጎማውን በእግሩ ነካ እያደረገ፣ "ይቺ መኪናህ እኮ ሱሪው ያጠረበት ተማሪ ነው የምትመስለው። ቁርጭምጭሚቷ ሁሉ ይታያል።"

"ታዲያ ሱሪ ልግዛላት?"

"ሱሪውማ መጥቷል!" ፊራኦል ከማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ አራት ጥቋቁር ሞላ አውጥቶ ወለሉ ላይ ደረደረ። "ከአዲስ አበባ ነው፣ ልኩ የሷ ነው። ዝቅ እናድርጋትና ከኛ ጋር ውጣ። ቅዳሜ ጣቢታ የምትባል ልጅ ታገባለች፣ አንድ መኪና ጎድሎናል። ታጅባለህ፣ አብረኸን ትበላለህ፣ ትጨፍራለህ። እሁድ እሁድ ብቻህን ጫካ ለጫካ ከምትዞር!"

አያና አንዱን ሞላ አንሥቶ በእጁ መዘነው። አብረኸን ትበላለህ የሚለው ቃል ጆሮው ውስጥ ቀረ። የመንገዱን ነገር ግን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ይህ ሞላ ለአስፋልት ይሆናል፣ ኮብልስቶኑንም ቀስ ብሎ ይሄድበታል። ከጊንጪ ወደ ጭልሞ የሚገነጠለው ጠጠር መንገድ ግን ክረምቱ አጥቦት ድንጋዩ አግጥጧል፤ ከዳገቱ በታችም ወንዝ አለ። መኪናዋ አሁን እንኳ የምታልፈው ሆዷን እያስፋቀች ነው። ዝቅ ካለች ጭልሞ አትወጣም። ወይ ቅዳሜን ከሰው ጋር፣ ወይ እሁድን ከአዴ ጉዴ ግድግዳ ጋር መምረጥ ነበረበት።

"ሰኞ እነግርሃለሁ" አለው።

እሁድ ዕለት አንድ ዘዴ መጣለት። መኪናዋን ጊንጪ አቁሞ በእግሩ ቢሄድስ? ከተቻለ ሞላውም ይገጠማል፣ አሮጊቷም ትጠየቃለች። ጎሚስታ ቤት ደጃፍ አቆማትና መንገዱን ጀመረ። ጫካው ጸጥ ብሏል። ወንዙን በድንጋይ በድንጋዩ ተሻግሮ ዳገቱን ወጣ። ውሻው ስለሚያውቀው አልጮኸም።

አዴ ጉዴ ደጅ ነበረች። ራሷን አልተሸፈነችም፤ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ፣ እስከ ክርኗ ጭቃ ሆና ግድግዳ ትለጥፋለች። ዞር ስትል ፊት ለፊት ተያዩ። አያና ፊቷን እንዲህ በሙሉ አይቶት አያውቅም፤ ግንባሩ የለንሳ ግንባር ነው። "እዩዩ!" አለችና ጥጃ ቤት ገብታ በሩን ዘጋችው።

ኦቦ ፉፋ ከአጥሩ ወዲያ ሆኖ አይቶ ኖሮ፣ እየሳቀ መጣ። "አንተ ልጅ! ድምፅ ሳታሰማ እንደ ሌባ ትመጣለህ?"

"ፉፋ፣" አለች አዴ ጉዴ ከጥጃ ቤቱ። "መኪናቸው ምን ሆነች በልልኝ።"

"መኪናህ ምን ሆነች ትልሃለች" አለ ፉፋ፣ አያና ያልሰማ ይመስል።

"ደህና ናት፣ ጊንጪ ትቻት ነው ይበሉልኝ።"

"ጊንጪ ትቷት ነው።"

"ምን ልትሆን?"

አያና የሞላውን ነገር አስረዳ። ፉፋ አገጩን እያከከ አዳመጠና ወደ ጥጃ ቤቱ ዞረ። "መኪናዋን ቁጭ ሊያደርጋት ነው።"

"የት?"

"እዛው ባለችበት። ሆዷ መሬት እስኪደርስ።"

"ታማለች?"

"ኧረ ፋሽን ነው! የከተማ ልጆች ናቸው።"

ውስጥ ጥጃዋ ተንቀሳቀሰች። አዴ ጉዴ "ቁጭ ካለች በኋላ ወንዙን ትሻገራለች?" ብላ ጠየቀች።

ፉፋ ይህን አላቀበለም። አያናን ብቻ አየው።

"አትሻገርም" አለ አያና።

"እንግዲያው ንገራቸው፣ ፉፋ። መኪናዋ ወንዙ ጋ ስታጓራ ነው እኔ እሳት የማነደው። ዳገቱን እስክትወጣ ወጡ ይደርሳል፣ ቤቱ ይጠረጋል፣ እኔም ልብሴን ለውጬ እወጣለሁ። ዛሬ ምን አለ? ምንም የለም። የልጄ ባል ከቤቴ ጦማቸውን ሊሄዱ ነው።"

አያና ወደ ፉፋ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ "ለራሳቸው አያነዱም?" አለው።

"ለራሷማ ቆሎ አለ" አለ ፉፋ።

አያና ደጁ መሀል ቆመ። የመኪናዋ ድምፅ ከቤቷ የሚያስወጣት ብቻ ይመስለው ነበር። ሄዶ በሩን ከፍቶ አንድ ነገር ሊላት ፈለገ፤ ከዚህ የባሰ ነውር ግን የለም። እሱ እዚያ እስከቆመ ድረስ እሷ ከጥጃ ቤት መውጣት አትችልም፣ ጭቃውም እጇ ላይ እየደረቀ ነው። ስለዚህ ማድረግ የሚችለውን አንድ ነገር አደረገ። ሳይበላ ተመለሰ።

ሰኞ ጋራዥ ሄደ። "ሞላውን ለሌላ ሰው ስጠው።"

"ምነው? ምን አጠፋ?"

"ጭልሞ አያስወጣም።"

"አሮጊቷ ዘንድ? ጋሽ አያና፣ አብራህ እንኳ አትቀመጥም እኮ!"

"አይቀመጡም።"

"ታዲያ?"

"እኔ ካልሄድኩ አያበስሉም።"

ፊራኦል ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ሞላዎቹን ጆንያው ውስጥ እየመለሰ "በቃ፣ ሌታን እንጠራዋለን፤ እሱም መኪና አለው" አለ። ሁለተኛ አልለመነውም።

ቅዳሜ ከሰዓት አያና ከአንዲት ተማሪ ጋር አስፋልት ላይ ነበር። የሠርጉ መኪኖች መብራታቸውን እያበሩ እያጠፉ፣ ጥሩምባቸውን እየነፉ፣ በሰልፍ መጡ። ተማሪዋ ደንግጣ ሞተር አጠፋች።

"መምህር፣ ልነሣ?"

"ቆይ፣ ይለፉ።"

"የማን ሠርግ ነው?"

"ጣቢታ የምትባል ልጅ ናት" አለ። "አላውቃትም።"

በማግስቱ ወንዙ ጋ ሲደርስ መኪናዋን አቆመ። ሞተሩን ሳያጠፋ ነዳጁን ደጋግሞ ረገጠው፣ ጫካው አስተጋባ። ከዚያ ውኃው ዳር ተቀምጦ ወደ ላይ ማየት ጀመረ። ጭስ ከሣር ክዳኑ ቀስ እያለ ወጣ። ወዲያው መሄድ ይችል ነበር፤ ግን ጊዜ ይኑራት ብሎ ቆየ። ጭሱ እስኪሳሳ ጠብቆ፣ የመኪናዋን ሆድ እያስፋቀ ተሻገረ።

ቤቱ ተጠርጓል። ምግቡ ትኩስ ነው። ሰው የለም። ኦቦ ፉፋ ለቅሶ ሊደርስ ጊንጪ ወርዶ ነበርና አያና ብቻውን ቀረበ። ከግድግዳው በስተጀርባ አዴ ጉዴ የተቀመጠችበት ወንበር ሲንቋቋ ሰማ። ወጡ ጥሩ ነበር፤ ይህን የሚያቀብልለት ሰው ግን አልነበረም።