መቆሙን አሳየኝ

ጋሼ ብዬ የምጠራቸው አጎቴ ካረፉ ዛሬ አራተኛ ቀናቸው ነው። መካኒሳ አቦ አጠገብ ማገዶ ይሸጡ ነበር።

ልጅ ሳለሁ፣ መንግሥት በተቀየረ በዓመቱ፣ የሞተር መጋዝ ሊገዙ ሲሄዱ ተከተልኳቸው። ሻጩ ሁለት አቀረበ። ትልቁ የመሞከሪያውን ግንድ እንደ ሳሙና ቆረጠው፤ ልቤ እዚያው ቀረ።

«መቁረጡንማ አየሁ፤ መቆሙን አሳየኝ» አሉት ጋሼ። ሁልጊዜም የሚሉት ይህንኑ ነበር።

ሻጩ ነዳጅ መስጫውን ለቀቀ። ድምፁ ሲወርድ የቆመ መስሎኝ ጉማጁን ላነሳ እጄን ሰደድኩ። ጋሼ አንጓዬን ጨምድደው ያዙኝ። ሰንሰለቱ አሁንም ቀስ እያለ ይዞራል። ካቻቢቴያቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ሚኒሞውን፣ ነዳጅ ሳይሰጥ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት፣ ዝቅ አደረጉት፤ አልቆመም። ትንሹ ግን እጅ ሲለቀው ቀጥ አለ፤ እሱን ገዙ። ሦስት ቀን አኮረፍኳቸው፤ አንጓዬን ስላሳመሙኝም፣ ትልቁን ስላልገዙም።

ትናንት የእድር ልጆች ለሐዘን ቤቱ ማብሰያ በተዋሱት መጋዝ ግንድ ይቆርጡ ነበር። ድምፁ ሲወርድ እጄ ሳላስበው ወደ ጉማጁ ሄደ። ሰንሰለቱ ይዞራል።

«እህቴ፣ ምን ሆንሽ?» አለኝ ቆራጩ።

«መቆሙን አሳየኝ!» ብዬ ጮህኩበት።

ደንግጦ ሞተሩን አጠፋው። ያኔ ዝቅ ብዬ አየሁ፤ አንጓዬን ጨምድጄ የያዝኩት እኔው ነበርኩ።