የካሴቱ የመጨረሻ ዘፈን

የመጀመሪያ ካሴታችንን የቀዳነው ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመታት፣ ቡሬ፣ ከአንድ ሙዚቃ ቤት ጓሮ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። አራት ነበርን፤ አራታችንም ፍኖተ ሰላም የምናስተምር መምህራን። ጊታሩም፣ ግጥሙም፣ ድምፁም የኔ ነበር። የሮክ ዘፋኝ ነኝ ብዬ ጸጉሬን ባስረዝመው ወደ ታች መውረዱን ትቶ ወደ ጎን ተንሰራፋ።

ከስምንቱ ዘፈኖች ሰባቱን እኔ ጻፍኩ፣ እኔው ጮኽኳቸው። ከጣና የሰፋ ውኃ አይቼ የማላውቅ ሰውዬ ሦስቱን ስለ ውቅያኖስ አደረግኳቸው። አንዱ ላይ ጊታሬ ከዜማው ቀድሞ ይጨርስና ሌሎቹን ቆሞ ይጠብቃል። ካሴቱ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ባዶ ስለቀረ ብቻ ከበሮ መቺያችንን፣ ዝምተኛውን የግሽ ዓባይ ልጅ፣ "እስኪ አንተም አንድ ነገር በል" አልነው። ራቅ ወዳለ አገር ስለተዳረች እህቱ በቀስታ፣ መሬት መሬቱን እያየ ዘፈነ። "ለመሙያ ያህል ይሆናል" አልኩ። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

እናቴ የምትኖረው ከቡሬ ወጣ ብላ ነው። ቅኔ ቤት አቋርጬ ከወጣሁ ወዲህ ያደረግኩት ነገር አንድም ቀን "ጎሽ" አሰኝቷት አያውቅም። ካሴቱን የላክሁላት ያቺን አንዲት "ጎሽ" ፍለጋ ነበር።

በወሩ ልጠይቃት ስሄድ ካሴቱ ከቴፑ አጠገብ ተቀምጧል፤ ቀዳዳው ላይ እስክሪብቶ ተሰክቶበታል። ገጠር ውስጥ የባትሪ ድንጋይ እንዳያልቅ ካሴት ወደ ኋላ የሚጠነጠነው በእስክሪብቶ ነው። አንስቼ አየሁት። ክሩ ሁሉ በአንድ ወገን ተጠቅልሎ፣ ሊሰማ የቀረው የአንድ ዘፈን ያህል ብቻ ነው። የሚደጋገመው የትኛው እንደሆነ ገባኝ።

"ይቺን የመጨረሻዋን አንተ ነህ ያልካት?" አለችኝ እናቴ።

"አዎ" አልኳት።

"ጎሽ! እንግዲያው ጥር ላይ ለእህትህ ሰርግ እሷን ትልልኛለህ።"

እስከ ጥር ድረስ በቀስታ መዝፈን ስለማመድ ከረምኩ። ማታ ማታ ስቃትት የሰሙ ጎረቤቴ ያመመኝ መስሏቸው ፌጦ ይዘውልኝ መጡ። ለከበሮ መቺው ግን አንዲት ቃል አልተነፈስኩም።

የሰርጉ ዕለት ዳሱ ጢም ብሏል፤ ጓደኞቼም፣ ከበሮ መቺው ጭምር፣ መሣሪያቸውን ይዘው ከኋላዬ ተቀምጠዋል። እናቴ ከፊት ቆማ "በል እንግዲህ" አለችኝ። ማይኩን ጨብጬ የመጀመሪያውን ስንኝ ብጀምር፣ የወጣው ያው የውቅያኖሱ ጩኸት ነው። ሙሽራዋ እህቴ ቀና ብላ በድንጋጤ አየችኝ። ለሰርጓ ስትጠብቀው የከረመችውን ዘፈን እያበላሸሁባት ነበር። አላስቻለኝም። ማይኩን ለከበሮ መቺው ሰጠሁትና ወደ እናቴ ሄድኩ።

"እማ፣ ዋሽቼሻለሁ። ዘፈኑ የሱ ነው። የኔ እነዚያ ሰባቱ ናቸው።"

"አውቃለሁ" አለች፣ ዓይኗን ከዘፋኙ ሳትነቅል። "ያንተን ድምፅ ከአንቀልባ ጀምሮ አውቀው የለ? ጡት ያስጣልኩህ ሰሞን ልክ እንዲህ ነበር የምትጮኸው።"

"ታዲያ ለምን ጎሽ አልሽኝ?"

"ሰባቱን ሁሉ ሰምቼ ነዋ፣ ልጄ! እያንዳንዱን 'ይኸኛው ይሻለው ይሆን' እያልኩ እስከ ዳር ሰማሁልህ። ያንተ ናቸው ብዬ ባልሰማቸው ይቺን የመጨረሻዋን ከየት አገኛት ነበር?"

ከአገሩ ሁሉ ሰባቱን እስከ ዳር የሰማቻቸው እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። ከበሮው ያለ መቺ ቀርቶ ስለነበር ሄጄ ተቀመጥኩና መምታት ጀመርኩ። እዚያም ከዜማው ቀድሜ ጨረስኩ።