አሥራ ዘጠነኛው ማዕረግ

ማዕረግ ጠሪው ኑሮው በጉሮሮው ነበር። ጌታው ለፍርድ በተቀመጡ ቁጥር ከወንበራቸው በስተቀኝ ይቆምና፣ በትሩን ሦስት ጊዜ መሬት መትቶ ማዕረጎቻቸውን ይጠራል። ይህ የደንብ ነገር ብቻ አልነበረም። እያንዳንዱ ማዕረግ የአንድ ሥልጣን ቁልፍ ነው፤ በችሎት የተጠራ ማዕረግ ፀሐይ እስክትጠልቅ ይሠራል፣ ያልተጠራ ይተኛል። «የድልድዩ ጌታ» ሲባል አላፊ አግዳሚውን ያስቆማሉ። «የጫካው ጌታ» ሲባል ጭራሮ የለቀመውን ሁሉ ያስራሉ። «የወፍጮው ጌታ» ከተባለ ደግሞ በአገሩ ያለ እህል በሙሉ ከእሳቸው ወፍጮ ቤት በቀር የትም አይፈጭም።

ማዕረጎቹ ሃያ ሦስት ነበሩ። ጌታው ማዕረግ ሲያዩ ወተት እንዳየች ድመት ነበሩና፣ ከበላያቸው ካለው ከታላቁ መስፍን አንዱን በፈረስ፣ አንዱን በጭልፊት፣ የቀረውን በደጅ ጥናት ሰብስበዋል። ጥርስ ያላቸው ግን ሰባቱ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ጠሪው ሰባተኛው ላይ ሲደርስ እጃቸውን ወዝወዝ ያደርጋሉ፣ እሱም ዝም ይላል። የቀሩት ለግብዣ ቀን ናቸው።

ሃያ ዓመት እንዲህ ኖሮ ሳለ፣ የወፍጮ ቤቱ ኃላፊ የጠሪውን ታላቅ እህት ከሰሳት። ጓዳዋ ውስጥ የእናታቸው የድንጋይ ወፍጮ ነበር። ባሏ ከሞተ ወዲህ ለጎረቤት እየፈጨች የምትተዳደረው በእሱ ነው። ከተፈረደባት ድንጋዩ ይሰበራል፣ ስብርባሪውም ከጌታው ወፍጮ ቤት ደጃፍ ይነጠፋል።

«ለእሳቸው በየሳምንቱ የምትጮኸውን፣ አንድ ቀን ለእኔ ብትጮህ ምን አለበት?» አለችው።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ስም ጠሪ ነኝ። ጠበቃ አይደለሁም።»

«ታዲያ ጥራ! ያንን ጉሮሮ ማን አሳደገው? ሰፈር የሚበጠብጥ ለቅሶህን አዝዬ ያባበልኩት እኔ አይደለሁም?»

ጠሪው ቤቱ ገብቶ፣ ዝርዝሩ የተጻፈበትን ብራና ከቆዳ ማኅደሩ አውጥቶ ዓመታት ያልደረሰበትን ክፍል ማንበብ ጀመረ። አሥራ ዘጠነኛው ላይ ሲደርስ ብቻውን ሳቀ፤ ወዲያው ደግሞ አላበው።

በችሎቱ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ጠሪው በትሩን መታ፣ ጠራ። ሰባተኛው ላይ የጌታው እጅ ተወዛወዘች። ጠሪው ግን ጸሎት ላይ እንዳለ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ስምንተኛውን ቀጠለ። ጌታው ሳሉ። ዘጠነኛው መጣ። ደግመው ሳሉ። «ይብቃህ» እንዳይሉት፣ የታላቁን መስፍን ስጦታ በአደባባይ መናቅ ይሆናል።

«...የመበለቶች አባትና ጠባቂ!» አለ ጠሪው፣ ግድግዳው እስኪመልስለት።

እስከ ሃያ ሦስተኛው ድረስ ጨርሶ ዓይኑን ሲገልጥ፣ እህቱ ከወንበሩ ሥር ቆማለች።

«አባቴ!» አለች፣ ከጌታው በአሥር ዓመት የምትበልጠው ሴት። «ከጎኔ ይቁሙልኝ!»

«ምን ትላለች ይቺ?»

«ጌታዬ፣» አለ ጠሪው፣ «ጠባቂ ከመበለቷ ጎን ይቆማል እንጂ በእሷ ላይ አይፈርድም። ሕጉ ነው። ማዕረጉም ዛሬ ተጠርቷል።»

«ማን ጠራው?»

«እኔ ጌታዬ። ከጎንዎ ቆሜ፣ እርስዎም ሳይከለክሉኝ።»

ጌታው ሕዝቡን አዩ። ሕዝቡም አያቸው። ካባቸውን ሰብስበው ከወንበሩ ወረዱና ከሴትየዋ ጎን ቆሙ፤ ትከሻዋ ድረስ ነበሩ። የወፍጮ ቤቱ ኃላፊ አንዴ ባዶውን ወንበር፣ አንዴ እሳቸውን አየ።

«ጌታዬ... ክሱን ለማን ላሰማ?»

«ለወንበሩ!» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

«ክሱን አንሣ፣» አሉ ጌታው ጥርሳቸውን ነክሰው።

«ወፍጮው እኮ የእርስዎ...»

«አንሣ አልኩህ! ከእሷ ጋር እኔንም ልትከስ ነው?»

ክሱ ተነሣ። የተነሣ ክስ ደግሞ ተመልሶ አይቀርብም። ጌታው ወደ ጠሪው ጠጋ ብለው፣ «አንደበትህ ረዘመ» አሉት።

«የረዘመው ማዕረግዎ ነው፣ ጌታዬ።»

«ከነገ ጀምሮ ሰባት! ሰባት ብቻ! አንድ ብትጨምር ምላስህን አስቆርጣለሁ!»

«ከነገ ጀምሮ፣» አለች እህቱ ቀበል አድርጋ። «ዛሬ ግን ገና እኩለ ቀን ነው። አባቴ፣ ጣሪያዬም ያፈሳል።»

ከሰዓት በኋላ ሁለት የጌታው ወታደሮች ጦራቸውን ግድግዳ አስደግፈው ጣሪያዋ ላይ ሣር ሲያለብሱ ዋሉ። ጠሪው ከታች እየታዘዘ ነዶ ያቀብላል። ጌታው መስኮታቸው ላይ ቆመው ፀሐይዋን ይከታተሏታል፤ ጠሪውም ይከታተላታል፣ ነገ ስትወጣ ምን ይዛበት እንደምትመጣ አያውቅምና። ከጓዳው ውስጥ ግን የወፍጮው ድምፅ አላቋረጠም።

«ጥድፊያው ምንድን ነው ልጆቼ?» ትላለች እህቱ ከውስጥ። «ጥግ ጥጉን ጠበቅ አድርጉት! አባቴ እንደሆኑ አይቸኩሉም።»