ሙዐዊያ የለካው ጉድጓድ

ሙዐዊያ አሶሳ ውስጥ በአንድ የቴክኒክ ኮሌጅ የኤሌክትሮኒክስ ቤተ ሙከራ ረዳት ነው። የተወለደው ሆሞሻ አጠገብ ባለች ትንሽ መንደር ነው። እናቱ በልጅነቱ ስለሞተችበት ያሳደገችው አክስቱ ማሪያም ናት፤ እሷ አሁንም እዚያው ትኖራለች።

ባለፈው በጋ የመንደሩ የእጅ ፓምፕ እያረፈ ውሃ መስጠት ጀመረ። ሴቶቹ ውሃው እየሸሸ ነው አሉ። አካባቢውን የሚከታተለው የውሃ ባለሙያ አቶ ምንያህል መጣና ድንጋይ የታሰረበት ገመድ ወደ ጉድጓዱ ሰደደ። ሰደደና ሳብ አድርጎ አየው፤ “ያው ነው፣ የፓምፑ ጎማ አልቆ ይሆናል” ብሏቸው ሄደ።

አክስቱ በስልክ የነገረችው ይህ ነገር ለሙዐዊያ አልተዋጠለትም። የጣት ውፍረት የማይሞላ ለውጥ በገመድ አይታይም። ኮሌጁ መጋዘን ውስጥ ደግሞ ከእርዳታ ዕቃ ጋር መጥቶ ማንም ያልነካው መዳፍ የሚያህል አረንጓዴ የመሞከሪያ ቦርድ አለ። መሀሉ ላይ ያለችው ትንሽ ቺፕ ከሴንሰር የሚመጣላትን ደካማ ኤሌክትሪክ ከአሥራ ስድስት ሚሊዮን በላይ አድርጋ ከፋፍላ በቁጥር ትናገራለች። ቤተ ሙከራው ውስጥ ያለውን የግፊት ሴንሰር ጉድጓዱ ውስጥ ቢሰድ ከላዩ ያለውን ውሃ እስከ ሚሊ ሜትር ታነብለታለች።

የቤተ ሙከራው ኃላፊ ፍሬሕይወት ፈቀደችለት። “ካቃጠልከው ግን ሌላ የለንም” አለችው።

ይህችን ቃል ይዞ ጀመረ። መመሪያውን ሦስት ጊዜ አነበበ፤ ጃምፐር የሚባሉትን ትንንሽ ማገናኛዎች አንድ በአንድ እየነቀለ በየቦታቸው ሰካ። ላፕቶፑ ላይ ሲያገናኘው ላፕቶፑ አላወቀውም። ከኢንተርኔት የሚወርድ አንድ ፋይል ቀርቶ ነበር፤ ኢንተርኔቱ ደግሞ ከጠፋ ሳምንቱ ነው። በየቀኑ እየተመላለሰ ስልኩን ከማየት በቀር የሚያደርገው አልነበረም።

ኔትወርኩ ሲመለስ ቦርዱ ሠራ፤ ቁጥሩ ግን አልያዝ አለ። ሁለቱን መግቢያ ሽቦዎች አንድ ላይ አስሮ ዜሮ አካባቢ እንዲቆም ቢጠብቅ፣ ቁጥሩ ሺህ ወጥቶ ሺህ ይወርዳል። ሽቦ ለወጠ፣ ብየዳውን ደገመ፣ ቦርዱን በቆርቆሮ ሸፈነ። አሥር ቀን ሙሉ ምንም ለውጥ የለም። አክስቱ ስትደውል ስልኩን ማንሳት ያፍር ጀመር።

በአሥራ አንደኛው ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። ሙዐዊያ እጁን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ቀና ሲል ግን ላፕቶፑ በባትሪው እየሠራ፣ ቁጥሩ ጸጥ ብሎ ቆሟል። ሲበጠብጠው የከረመው በቻርጀሩ በኩል ከመብራቱ የሚገባው የኤሌክትሪክ ረብሻ ነበር።

ቦርዱን ለብቻው ከሞተር ሳይክል ባትሪ ጋር አገናኘና ቅዳሜ ወደ መንደሩ ወረደ። የጉድጓዱን ክዳን አስከፍቶ ሴንሰሩን ሰደደ። ፈቃድ ወስዶ ሳምንቱን እዚያው ሰነበተ፤ ጎህ ሲቀድ፣ ማንም ሳይቀዳ ያነባል። አንድ ቀን አሥራ አንድ ሚሊ ሜትር ወረደ። በማግስቱ አሥራ ሁለት፣ ቀጥሎ ደግሞ አሥራ አንድ። ውሃው ከፓምፑ ቱቦ አፍ የሚርቅበትን ቀን ሲያሰላ ሃያ ቀን ገደማ ሆነ።

አክስቱ አጠገቡ መጥታ ቆመች። “ዕቃው ምን አለ?” ብላ በቋንቋቸው ጠየቀችው።

“እየወረደ ነው።”

“እሱንማ እኛም ተናግረናል።”

“አሁን ግን የሚያልቅበት ቀንም ታውቋል፣ አክስቴ።”

“ቀኑ ታውቆ ምን እናድርግ?”

ሙዐዊያ ሽቦውን መጠቅለል ያዘ።

ሰኞ ቁጥሮቹን በወረቀት አሳትሞ አቶ ምንያህል ጋ ሄደ። ሰውየው መነጽሩን አድርጎ እስከ መጨረሻው አነበበው።

“ልክ ነህ” አለው። “ያን ቀን እኔ ተሳስቻለሁ። ጉድጓዱን ጠለቅ አድርጎ መቆፈር ነው የሚያዋጣው፤ መቆፈሪያ ማሽኑ ግን ተሰብሮ መለዋወጫ እየጠበቀ ነው።”

“መቼ ይመጣል?”

“ለእኔም የነገረኝ የለም፣ ወንድሜ።”

ሙዐዊያ ሲመጣ የሚሟገተው ሰው አገኛለሁ ብሎ ነበር። ሰውየው ግን ስህተቱን ስላመነ ወረቀቱን እዚያው ትቶለት ወጣ።

መንደሩ ተመካክሮ ለየቤቱ በቀን ሁለት ጀሪካን ብቻ እንዲቀዳ ወሰነ። ውሃው መውረዱን አላቆመም፤ ዘገየ እንጂ። ሙዐዊያ ካሰላ በሃያ አራተኛው ቀን ማሪያም ፓምፑን ብትገፋው ብትገፋው ነፋስ ብቻ ሳበ። ከኋላዋ የተሰለፉት ሴቶች ማንም ምንም ሳይላቸው ጀሪካናቸውን አንስተው የወንዙን መንገድ ያዙ። ደርሶ ለመመለስ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ ማሪያም ደግሞ ጉልበቷን ያማታል።

ክረምቱ እስኪገባ መቆፈሪያው አልመጣም። ሙዐዊያ ቅዳሜ ቅዳሜ ሞተር እየተከራየ ከወንዙ አራት ጀሪካን ያመላልስላታል። የአራት ቀን ውሃ ነው። በቀሩት ሦስት ቀናት እሱ አሶሳ ነው፤ እሷም ጎረቤቶቿን ላለማስቸገር ስትል ወደ ወንዙ በእግሯ ትወርዳለች።