ጠዋት ጠዋት አልነሳ ያለው የአባቴ ሞተር

ልጅ እያለሁ ሰፈራችንን ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰው የአባቴ ሞተር ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው፤ እኛም ሐይቅ ከተማ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ባለች የቆርቆሮ ቤት እንኖር ነበር። አባቴ ይማም የእንስሳት ሐኪም ረዳት ስለነበር መሥሪያ ቤቱ በሰጠው ቀይ ሞተር እየዞረ የገበሬ ከብት ይከትብ ነበር። መስጊድ ሱብሂን ሰግዶ ይመለስና የክትባቱን ሣጥን በረዶ ሞልቶ ከኋላ ያስራል፣ ከዚያ ሞተሩን አንዴ ይረግጠዋል። ያን ጊዜ ግቢያችን በቤንዚን ሽታ ይሞላል። ያን ሽታ እወደው ነበር። ከሐይቁ በኩል ከሚመጣው የዓሣ ጠረን ጋር ሲቀላቀል ዛሬም ድረስ ጠዋት ማለት ለእኔ እሱ ነው።

አንድ ክረምት ካለፈ በኋላ ግን ሞተሩ አመሉን ለወጠ። አባቴ ይረግጣል፣ ሞተሩ ያስልና ይሞታል። እንደገና ይረግጣል፣ እንደገና ያስላል። እኔ መሬት ላይ የሰኞ ማክሰኞ መጫወቻዬን አስምሬ በአንድ እግሬ እየዘለልኩ አየዋለሁ፤ ሸሚዙ ጀርባው ላይ እስኪጣበቅ ላብ ያጠምቀዋል። ጎረቤት ሁሉ ሐኪም ሆነበት። አንዱ የሐይቁ ጤዛ ገብቶበት ነው ይላል፣ ሌላው አርጅቷል ይላል፣ ፊት ለፊታችን ያሉት አሮጊት ደግሞ ዓይን በልቶታል ብለው ዱዓ አደረጉለት።

አባቴ ግን ነገሩን በዘዴ ያዘው። መጀመሪያ ካንዴላውን ፈትቶ በሽቦ ብሩሽ ጠረገው፣ ከኬብሉ ጋር አያይዞ የሞተሩ ብረት ላይ አስደገፈና እኔን ጠርቶ፣ «ሰዓዳ፣ እኔ ስረግጥ ጫፉን እዪልኝ» አለኝ። ሲረግጥ ሰማያዊ ብልጭታ ጠቅ አለች። «አለ! እሳት አለ!» ብዬ ጮህኩ። እሳቱ ካለ እንግዲህ የቀረው ቤንዚኑ ነው። ካርቡራተሩን ከሥሩ ፈትቶ ያለውን ሁሉ በሻይ ብርጭቆ አንጠባጠበና ወደ ብርሃን አነሣው። ከላይ ቤንዚኑ ተንሳፍፏል፤ ከታች እንደ መስተዋት ጥርት ያለ ሌላ ነገር ተኝቷል።

«ውሃ!» አለ አባቴ፣ ዓይኑን ማመን አቅቶት።

ደፍቶ፣ አድርቆ፣ መልሶ ገጠመው፤ ሞተሩም ተነሣ። ግን ፀሐይ ወጥታለች። ከረፈደ ደግሞ በረዶው መንገድ ላይ ስለሚቀልጥበት ራቅ ወዳለው ወደ አምባሰል ገደል መውጣቱን ትቶ በሐይቁ ዙሪያ ባሉት መንደሮች ከትቦ ይመለሳል። በማግስቱም ያው ሆነ። ታንከሩን አውልቆ አጥቦ ፀሐይ ላይ አሰጣው፣ አዲስ ቤንዚን ሞላው። ጥቂት ቀን በደህና ነዳውና እንደገና ብርጭቆው ውስጥ ያ ጥርት ያለ ነገር ታየ። አባቴ እንቅልፍ አጣ። ክዳኑን ፈተሸ፣ የክዳኑን ጎማ ፈተሸ፣ ውሃ የሚያስገባ ቀዳዳ የለም።

አንድ ቀን መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ ለምን አምባሰል እንዳልደረሰ አለቃው አፋጦ ሲጠይቀው፣ «ቤንዚኑ ውሃ አለበት» አለ። ያለው ይኸን ብቻ ነው። በዚያ ዘመን ግን እንዲህ ያለ ቃል ከአፍ ከወጣ በኋላ የራሱን መንገድ ይሄዳል።

በማግስቱ ለምሳ ሲመጣ ፊቱ አመድ መስሏል። ገና ከበሩ ሳይገባ፣ «ጋሽ በላይን አሠሯቸው» አለ።

ጋሽ በላይ የመሥሪያ ቤቱን የነዳጅ በርሜል የሚጠብቁ፣ ከእኛ ሁለት ቤት አልፈው የሚኖሩ ክርስቲያን ጎረቤታችን ናቸው። ለዓረፋ እሳቸው እኛ ቤት፣ ለፋሲካ እኛ እሳቸው ቤት ነን። እኔን «የኔ ከራሚ» እያሉ ኪሳቸው ውስጥ የማይጠፋውን ሽምብራ የሚያሲዙኝ ሰው ናቸው።

«በምን?» አለች እናቴ።

«አሻጥር ብለዋቸው። ቤንዚን ሸጠው በውሃ ሞሉት ተብሎ። ትናንት ማታ ቀበሌ አሳደሯቸው፣ ወደ ደሴ ሊልኳቸው ነው።»

አሻጥር የሚለውን ቃል ልጆችም እናውቀው ነበር። በዚያ ቃል የሄደ ሰው መመለሱን እንጃ ነው። እናቴ ፋጡማ የያዘችውን ትሪ ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ቀና ሳትል፣ «ውሃውን የጨመርኩት እኔ ነኝ» አለች።

አባቴ መጀመሪያ ሳቀ። እኔም ልስቅ ነበር። እናቴ እኮ ያንን ሞተር ስትነካው አይተናት አናውቅም፤ ስታልፍ እንኳ ቀሚሷን ሰብስባ በሩቁ ነው።

«አትቀልጂ ፋጡማ።»

«ወላሂ እኔ ነኝ። መስጊድ ስትሄድ ክዳኑን ከፍቼ በስኒ እጨምራለሁ። ብዙ አይደለም፣ እንዳይሞት ብዬ ትንሽ ነው። ከረፈደብህ ወደ ላይ አትወጣም። የዚያ ጓደኛህ ሞተር ብቻውን በመኪና ተጭኖ መጣ። ሰውዬው የታለ? ሚስቱ ጋ ለቅሶ ተቀምጬ ስመለስ ነው የጀመርኩት።»

ያ ሰው በላይኛው ወረዳ ከብት ሲከትብ መንገድ ላይ ተኩስ ያገኘው የአባቴ ባልደረባ ነው። አሁን ሳስበው ያን ዕለት አባቴ ከመናደዱ ይልቅ መደንገጡ ይበልጥ ነበር። ያን ሁሉ ጠዋት ከጎኑ ቆማ ላቡን የምትጠርገው፣ «አብሽር፣ ይነሳል» የምትለው እሷ ነበረች።

«ለማንም አትናገሪ» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ክዳኑ ያፈስ ነበር እላለሁ። ዝናብ ነው እላለሁ።»

«ክዳኑን ቢፈትሹት አያፈስም። ጋሽ በላይ በእኔ ጥፋት ሲሄዱ ተቀምጬ ላይ ነው?» ሻሿን አስተካክላ አሰረች፣ ነጠላዋን ለበሰችና ወጣች። አባቴ ጫማውን እስኪያደርግ እንኳ አልጠበቀችውም። እኔ በባዶ ሆዴ ተከትያት ሮጥኩ።

ቀበሌው ግቢ ሰው ተሰብስቧል። ሊቀመንበሩ ሽጉጡን ታጥቆ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ጋሽ በላይ ያለ ኮፍያ፣ ያለ ቀበቶ ፊቱ ቆመዋል። በአንድ ሌሊት ሸምግለው ነበር። እናቴ ሰውን ሰንጥቃ ገባችና እቤት የተናገረችውን እዚያም ደገመችው። ጥበቃው የተደገፈውን ጠመንጃ እንደያዘ ዞሮ አያት።

«ማነው የላከሽ?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ማን ይልከኛል፣ ጓድ ሊቀመንበር? ፍርሃቴ ነው የላከኝ።»

«የመንግሥት ንብረት ላይ ነው እጅሽን ያነሣሽው። ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው ጋሽ በላይ እንዳይባሉት የመጣሁት።»

ሁላችንም ጋሽ በላይን እናያለን። በእሷ የተነሣ ሲሚንቶ ላይ ያደሩ፣ በአደባባይ ሌባ የተባሉ ሰው ናቸው። ሊሰድቧት ነው፣ ወይም ሊረግሟት ነው ብዬ የእናቴን ነጠላ ጨበጥኩ። እሳቸው ግን ብዙ አይተዋት፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ወደ ሊቀመንበሩ ዞሩ።

«ይቺ ሴት እንኳን ለመንግሥት ለጉንዳንም ክፉ አታስብም» አሉ። «ሞተሩን ልታጠፋ ብትፈልግ የምትጨምረው ሌላ ነገር መች ጠፋ? የጨመረችው ውሃ ነው፣ ሲደፋም ይነሳል። እኔን ከለቀቃችሁኝ፣ ለእሷ ዋስ እሆናለሁ።»

የታሠረው ሰው ላሳሠረችው ዋስ ሲሆን አይቼ አላውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህም አላየሁም። አባቴ እየሮጠ ደርሶ በሩ ላይ ቆሞ ነበርና ሰማው፤ ወንድ ልጅ እንዲያ እንደ ሕፃን ፊቱን በሁለት እጁ ሲይዝ ያኔ ነው ያየሁት። ሊቀመንበሩ እስኪርቢቶውን ጠረጴዛው ላይ ሲያንኳኳ፣ ሲያንኳኳ ቆየ። የእሱም ልጅ ውትድርና ከሄደ ወሬው አልመጣም ነበር። እሱን አስቦ ይሁን ሌላ፣ እኔ አላውቅም። በመጨረሻ ጋሽ በላይ እንዲፈቱ፣ እናቴም በሴቶች ማኅበር ስብሰባ ቆማ ግለ ሂስ እንድታደርግ አዘዘ።

እናቴ ግለ ሂሷን አደረገች። «ውሃ መጨመሬ ጥፋት ነው፣ ሁለተኛ አይለምደኝም። መፍራቱን ግን እንዴት አድርጌ ልተወው?» ብላ ተቀመጠች። አዳራሹ ሙሉ ሴት ነበር፤ ባሏ ወይ ልጇ መንገድ ላይ ያልሆነባት ጥቂት ነበረች። የሚተች ይነሣ ቢባል አንዲትም ሴት እጇን አላወጣችም። ጋሽ በላይ ደግሞ ከዚያ ወዲያ ቤታችን በመጡ ቁጥር ውሃ ሲቀርብላቸው ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንሥተው፣ «ቤንዚን የለበትም?» እያሉ እናቴን ያስቁ ነበር።

በዚያው ሳምንት አንድ ጠዋት ሞተሩ በአንድ ርግጫ ተነሣ። አባቴ ግን እንደ ወትሮው ዘሎ አልተቀመጠም፤ ሞተሩ እየጮኸ እናቴን ሲያያት ቆየ። እሷ የግቢውን በር ራሷ ከፈተችለት። «ሂድ፣ አላህ ይመልስህ» አለችው። ድምፁ ወደ አምባሰል በሚወስደው መንገድ እየራቀ፣ እየቀጠነ ሄዶ እስኪጠፋ በሩን ይዛ ቆመች። ከዚያም ቀኑን ሙሉ ጆሮዋ መንገድ ላይ ዋለ።

አባቴ ያን ዘመን በደህና አለፈና ከብዙ ዓመት በኋላ አልጋው ላይ፣ ልጆቹ ከበውት ሞተ። ጋሽ በላይም የሉም። አሁን ሐይቅ ባጃጅና ሞተር የሞላባት ከተማ ሆናለች፤ የእኔም ልጅ ሞተር አለው። ዕቃ እያመላለሰ እስከ ወልድያ ይሄዳል። ጠዋት በአውራ ጣቱ አንዲት ነገር ሲጫን ሞተሩ ይነሣል፤ መርገጥም ማላብም የለም። ልቤ የሚመታው ግን ያው ነው። ቀትር ላይ ስልኬ ይጮኻል፣ «ደርሻለሁ እማዬ» ይለኛል፣ እኔም እፎይ ብዬ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። እናቴ ይህችን አንዲት ቃል ለመስማት በየቀኑ እስኪመሽ ትጠብቅ ነበር።